መዳብ ላይ የተለበጠ የሞቼ ወርቅ «ቅብ» ነው ወይስ ወርቅ? (ስለ ጥንታዊ ደቡብ አሜሪካ ጌጣጌጥ)

ትዕግስት_ኒውዮርክ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ገብቼ ከሰሜን ፔሩ፣ ሎማ ኔግራ ከሚባል ቦታ የወጡ የሞቼ ሕዝብ ጌጦችን አየሁ። የአፍንጫ ጌጥ አለ፣ የጆሮ ጌጥ አለ፣ ልብስ ላይ የሚሰፉ ስስ ዝርግ ቁርጥራጮች አሉ። አንዳንዱን አረንጓዴ ዝገት ወርሶት ወርቁ እዚህም እዚያም ብቻ ብልጭ ይላል። መግለጫው «ወርቅ የተለበጠ መዳብ» ይላል። አብራኝ የነበረችው ጓደኛዬ «ይሄማ ቅብ ነው፤ እኔም ቤት አለኝ» ብላ ሳቀች።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ከ1,500 ዓመት በላይ በሚርቅ ዘመን፣ ያለ ኤሌክትሪክ እንዴት ለበጡት? ደግሞስ ወርቅ በሞላበት አገር መዳብን ወርቅ ማስመሰል ለምን አስፈለገ? (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እንጻፍ፤ አለዚያ እንምታታለን።)

አንጥረኛው_ፒያሳ፦
ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ወርቅ ላይ አጎንብሼ ነው። ወርቅ ማለት ሚዛን ላይ ወጥቶ፣ ተፈትኖ፣ ካራቱ ተነግሮ የሚሸጥ ነገር ነው። ውስጡ መዳብ ከሆነ የሞቼም ይሁን የሌላ፣ ቅብ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ ይዛ የምትመጣ ደንበኛ ብትኖር «እህቴ፣ ይሄ ለዓይን እንጂ ለችግር ቀን አይሆንም» ብዬ ነው የምመልሳት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅ። ኤሌክትሪክ ሳይመጣ በፊት ወርቅ የሚለበጠው በሜርኩሪ ነበር። ወርቁን በሜርኩሪ ታሟሟለህ፣ ትቀባለህ፣ በእሳት ሜርኩሪውን ታባርራለህ። እነዚህም ያንኑ ካደረጉ ብዙም አይደንቀኝም።

ሶስና_ኬሚስትሪ፦
ጋሼ፣ ነገሩ የሚደንቀው በሜርኩሪ ባለመሆኑ ነው። ሄዘር ሌክትማን የምትባል የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር የሎማ ኔግራን ቁርጥራጮች ቆርጣ በማይክሮስኮፕ መረመረች። የሜርኩሪ ርዝራዥ የለም። የወርቁ ልባጥ ውፍረት ከ0.5 እስከ 2 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ልባጡ ደግሞ ጠርዙ ላይ ሳይቀር እኩል ነው። ስስ የወርቅ ቅጠል ተለጥፎበት ቢሆን ኖሮ የተደራረበበት ቦታ ይታይ ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ብላ ገመተች፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያም ቤተ ሙከራ ውስጥ ሠርታ አሳየች። ጨውና ሌሎች ብረት የሚበሉ ማዕድናት በውሃ ተበጥብጠው ለረጅም ጊዜ ሲሞቁ ወርቅን ቀስ እያሉ ያሟሙታል። ያንን ፈሳሽ ቢካርቦኔት በመሰለ ነገር አብርደው አሲድነቱን ሲያጠፉት፣ የጸዳ የመዳብ ዝርግ ይነክሩበትና በስሱ ያፈሉታል። ከመዳቡ ጥቂቱ ወደ ፈሳሹ ይወጣል፤ በሄደው ምትክ ወርቅ መዳቡ ላይ ይሰፍራል። ኤሌክትሪኩን የሚፈጥሩት ሁለቱ ብረቶች ራሳቸው ናቸው። በመጨረሻ ዝርጉን እሳት ውስጥ አግለው ወርቁንና መዳቡን ያዋህዷቸዋል። ማዕድናቱ በሙሉ በሰሜን ፔሩ በረሃ ይገኛሉ።

ዝም_ያለ_አንባቢ፦
ስለዚህ የመጀመሪያው ባትሪ ፔሩ ውስጥ ነው የተሠራው በሉኛ። ነገ ቲክቶክ ላይ ይወጣል።

ሶስና_ኬሚስትሪ፦
@ዝም_ያለ_አንባቢ ባትሪ አላልኩም። የብረት ሚስማር የመዳብ ጨው ውስጥ ስትነክር መዳብ ይለብሳል አይደል? የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የሚሠራው ሙከራ ነው። ያንኑ በወርቅ መሥራት ነው ከባዱ፤ ወርቅ በቀላሉ አይሟሟምና።

አንጥረኛው_ፒያሳ፦
ሶስና፣ እሺ፣ ሥራው ሥራ ነው። እጃቸውን አደንቃለሁ። የትዕግስት ሁለተኛ ጥያቄ ግን አልተመለሰም። ሠሪው ይህን ሁሉ የለፋው ወርቅ ለመቆጠብ ነው። ወርቅ የሚቆጥብ ሰው ቅብ ይሠራል። አለቀ።

ያሬድ_ዘታሪክ፦
እኔ እዚህ ጋ ነው ከጋሼ የምለየው። ለመቆጠብ የምንለው ወርቅ ዋጋው በክብደቱ በሚተመንበት ገበያ ነው። በአንዲስ ተራሮች አገሮች ሳንቲም አልነበረም። ወርቅ ሸጦ በቆሎ የሚገዛ ሰው አልነበረም። ከሞቼ ብዙ ዘመን በኋላ አገሩን የገዙት ኢንካዎች ዘንድ ንጉሥ ለጦር አለቃው ሲሸልም ቀዳሚው ነገር ጥሩ ሸማኔ የሠራው ልብስ ነበር። ከኢኳዶር ሞቃት ባሕር እየተጠለቀ የሚወጣው እሾሃማው ቀይ ዛጎል፣ ስፖንዲለስ፣ ክብሩ ከወርቅ አያንስም ነበር፤ ለአማልክት የሚቀርበው እሱ ነው፣ ከመኳንንት ጋር የሚቀበረውም እሱ ነው።

ወርቁ የሚያገለግለው ለቀለሙና ለብርሃኑ ነው። የሞቼ የራስ ጌጥና የአፍንጫ ጌጥ ላይ ትንንሽ ክብ ዝርጎች በሽቦ ተንጠልጥለዋል። ሰውየው ሲራመድ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይንሿሿሉ፣ በፀሐይ ይንቦገቦጋሉ። አፍንጫው ላይ የሚንጠለጠለው ደግሞ አፉን በሙሉ ይሸፍናል፤ ሲናገር ድምፁ ከወርቅ ውስጥ ነው የሚወጣው። ይህን ያየ ገበሬ «ስንት ካራት ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

ትዕግስት_ኒውዮርክ፦
አዎ፣ አፍ የሚሸፍን አይቻለሁ! አንዱ ግማሹ ወርቅ ግማሹ ብር ነው። ለምን እንደሆነ ገርሞኝ ነበር።

ያሬድ_ዘታሪክ፦
ወርቅና ብር ጥንድ ሆነው መምጣታቸው የሞቼ ልማድ ነው። ትልቁ ማስረጃ ሰሜን ፔሩ ውስጥ፣ ሲፓን ላይ ነው የተገኘው። በ1987 መጀመሪያ ላይ ላምባዬኬ አካባቢ፣ ዋካ ራሃዳ በሚባል የጭቃ ጡብ ፒራሚድ ሌቦች ቆፍረው መቃብር ገቡ። በክፍፍሉ ተጣልተው ወሬው ወጣ፤ ፖሊስ ደረሰ፤ አርኪዮሎጂስቱ ዋልተር አልቫ ተጠራ። አልቫ በጥበቃ ታጅቦ እዚያው ማደር ጀመረ፤ የአካባቢው ሰው ሀብቱን የሚነጥቅ መስሎት ጠልቶት ነበር። ሌቦቹ ከዘረፉት ጥቂት ሜትር ርቆ ዛሬ «የሲፓን ጌታ» የምንለውን ያልተነካ መቃብር አገኘ።

ሰውየው አንገቱ ላይ የለውዝ ሐብል አለው። የሚበላው ለውዝ፣ ከነቅርፊቱ፣ ከነሽብሽቡ፣ ግን ከእውነተኛው ብዙ እጥፍ የገዘፈ። 10ሩ ወርቅ ነው፣ 10ሩ ብር። ወርቁ በቀኙ፣ ብሩ በግራው በኩል ተደርድሯል። ቀኝ እጁ ላይ ጥፍጥፍ ወርቅ፣ ግራው ላይ ጥፍጥፍ ብር ይዟል። ለመቆጠብ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሥርዓት አያስፈልግም ነበር።

ፈርጥ_ነጋዴ፦
ስለ ወርቁ ብዙ ተባለ፤ እኔን የሚስበኝ ድንጋዩ ነው። የሲፓኑ የጆሮ ጌጥ ላይ ያለው ሰማያዊ ድንጋይ ምንድን ነው? ደግሞ መረግድ (ኤመራልድ) ይጠቀሙ ነበር ሲባል እሰማለሁ። የሻኪሶ መረግድ በ2016 አካባቢ ገበያ ሲገባ፣ እኛም ገዢዎቹም የምናነጻጽረው ከኮሎምቢያው ጋር ነበር። የኮሎምቢያው ታሪክ ምን ያህል ወደ ኋላ ይሄዳል?

ያሬድ_ዘታሪክ፦
የጆሮ ጌጡ ቱርኩዋዝ ነው። ጥፍር የሚያህሉ ቁርጥራጮች እንደ ሞዛይክ ተገጣጥመው ተለጥፈዋል፤ መሃሉ ላይ አውራ ጣት የሚያህል የወርቅ ጦረኛ ቆሟል። ጋሼ፣ ይህን ቢያዩት ሐሳብዎን ይቀይሩ ይሆን እላለሁ፦ ጦረኛው ራሱ የአፍንጫ ጌጥ አድርጓል፣ በእጁ ዱላ ይዟል፣ አንገቱ ላይ ደግሞ የጉጉት ጭንቅላት የመሰሉ ዶቃዎች በክር ተሰክተው ሐብል ሆነዋል። ዶቃዎቹ በዓይን የሚታዩ አይመስሉም፤ ማጉያ መነጽር ባልነበረበት ዘመን የተሠሩ ናቸው።

መረግዱን በተመለከተ፦ በደቡብ አሜሪካ በጥንት ጊዜ መረግድ የሚወጣው ከዛሬዋ ኮሎምቢያ ምሥራቃዊ ተራሮች፣ ከሙዞና ከቺቮር ነው። የሙይስካ ሕዝብ ቺቮርን ይቆጣጠር ነበር። መረግድ ከጨውና ከጥጥ ልብስ ጋር ዋና የንግድ ዕቃቸው ነበር፤ በልዋጩ ከቆላው ወርቅ ያስገቡ ነበር፣ ደጋው ላይ ወርቅ የለምና። በወርቅ ሥራ የታወቁት ሙይስካዎች የራሳቸው ወርቅ አልነበራቸውም ማለት ነው። ስፔናውያን በ1537 ደርሰው መሪያቸው ሂሜኔስ ዴ ኬሳዳ መረግዱን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀው «ከየት ነው የሚወጣው?» የሚለውን ነው፤ ሰዎቹን ወደ ቺቮር የላከውም ወዲያው ነው።

ፈርጥ_ነጋዴ፦
እና እንዴት ያጌጡበት ነበር? እንደኛ ጊዜ ፈርጥ አድርገው ቀለበት ላይ ያስቀምጡ ነበር?

ያሬድ_ዘታሪክ፦
ፊት አውጥቶ መቁረጥ አልነበረም። ይሞርዱታል፣ ያለሰልሱታል፣ ይበሱትና ዶቃ ያደርጉታል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ ሳይነኩት በተፈጥሮ ቅርጹ ማሰሮ ውስጥ ከትንንሽ የወርቅ ምስሎች ጋር ጨምረው ለአማልክት ይቀብሩታል። አሁን ገበያ ላይ የሚጠየቀው ጥራት፣ ስንጥቅ የሌለበት መሆኑ፣ ብርሃን መመለሱ፣ እነሱ ዘንድ ጉዳይ አልነበረም። የሚፈለገው አረንጓዴነቱ ነው። ለዚህም ነው ብርሃን የማያሳልፉትን ቱርኩዋዝንና ክሪሶኮላን፣ ሰማያዊውን ሶዳላይትን ከመረግድ እኩል ወርቅ አጠገብ የሚያስቀምጡት።

ሶስና_ኬሚስትሪ፦
ጥንታዊነቱን ካነሳን አይቀር፦ እስከ አሁን በአሜሪካ አህጉራት በቁፋሮ ከተገኙት የወርቅ ጌጦች ቀዳሚው ከቲቲካካ ሐይቅ አጠገብ፣ ፔሩ ውስጥ፣ ጂስካይሩሞኮ ከምትባል መንደር መቃብር የወጣው ሐብል ነው። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ 2000 ዓመት ገደማ ተገምቷል፤ ጥናቱ የወጣው በ2008 ነው። የተቀጠቀጠ ወርቅ ተጠቅልሎ 9 ዶቃ ሆኗል፣ በመሃል በመሃሉ አረንጓዴ ድንጋይ ገብቷል። ሰዎቹ ገና አደንን ሙሉ በሙሉ ያልተዉ፣ ንጉሥም ቤተ መንግሥትም የሌላቸው ነበሩ። ወርቅና አረንጓዴ ድንጋይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥንድ ነበሩ ማለት ነው።

አንጥረኛው_ፒያሳ፦
ያ ጉጉት ያልከውን ፎቶ ፈልጌ አየሁት። እጅ አለው ሰውየው። ምንም አልልም።

አሁን የእሳቱን ነገር ንገሩኝ። ወርቅ ያለ ወናፍ አይቀልጥም። ወናፍ ነበራቸው?

ያሬድ_ዘታሪክ፦
ወናፍ አልነበራቸውም ጋሼ፤ በአፍ ነው የሚነፉት። ከኢንካ እናትና ከስፔናዊ አባት የተወለደው ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ እንደጻፈው 8፣ 10፣ 12 ሰዎች ሆነው እሳቱን እየዞሩ በመዳብ ቱቦ ይነፉ ነበር። ተራራ ላይ ደግሞ ነፋስ በቀዳዳ የሚገባበት ምድጃ ይሠሩ ነበር፤ ስሙ ዋይራ ነው። መዶሻቸው እጀታ የሌለው ድንጋይ ነው፣ መስፋቸውም ድንጋይ። ከብረት የተሠራ መሣሪያ ጭራሽ አልነበራቸውም።

አንጥረኛው_ፒያሳ፦
12 ሰው በአፉ እየነፋ! የኔን ሁለት ተማሪዎች ወናፍ ንፉ ስላቸው ስልክ ያያሉ።

ሶስና_ኬሚስትሪ፦
እዚህ ላይ የመዳቡ ጉዳይ ሌላ መልክ ይይዛል። ንጹሕ ወርቅ በ1064 ዲግሪ፣ መዳብ በ1085 ዲግሪ ይቀልጣል። በተስማሚ መጠን ሲደባለቁ ግን 910 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይቀልጣሉ። በአፍ ለሚነፋ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ድብልቁ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከንጹሕ ወርቅ ይጠነክራል፤ ስስ አድርገህ ብትቀጠቅጠውም ቅርጹን ይይዛል። ቱምባጋ ይባላል።

ቱምባጋን መቀጥቀጥ ስትጀምር ይደርቃል፣ ስለዚህ እሳት ውስጥ ታገለዋለህ። በጋለ ቁጥር ገጹ ላይ ያለው መዳብ ይጠቁራል። ጥቁሩን በዕፅዋት ጭማቂ ወይም በቆየ ሽንት ታጥበዋለህ። እንደገና መቀጥቀጥ፣ እንደገና ማጋል፣ እንደገና ማጠብ። በእያንዳንዱ ዙር ከገጹ መዳብ እየተቀነሰ ወርቁ ይቀራል፤ ብርም ካለበት በጨውና በማዕድን ጭቃ ይወጣል። በመጨረሻ ከግማሽ በላዩ መዳብ የሆነ ዝርግ ውጭው ወርቅ ብቻ ሆኖ ይታያል። ከውጭ የተቀባ ነገር የለም። ወተት ሲናጥ ቅቤው ከውስጡ እንደሚወጣ ወርቁ ከራሱ ውስጥ ነው የወጣው።

ሌክትማን የምትከራከረውም ይህንኑ ነው። ለአንዲስ ሠሪ ላይ የሚታየው ነገር ውስጡ ያለ ነገር መሆን ነበረበት። ሸማኔውም ንድፉን ጨርቁ ላይ አይቀባም፣ ከክሩ ጋር አብሮ ይሸምነዋል።

አንጥረኛው_ፒያሳ፦
የቱምባጋውን ገባኝ። እኛም ሠርተን ስንጨርስ አሲድ ውስጥ ነክረን ነው ጥቁረቱን የምናስለቅቀው፤ ዝቅተኛ ካራት የሆነ ዕቃ ደጋግመህ ካደረግክበት ከካራቱ በላይ ቢጫ ሆኖ ደንበኛ ያታልላል። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ግን ሶስና፣ ሁለት ነገር አንድ ላይ እየጨፈለቅሽ ነው። ሎማ ኔግራው ከፈሳሽ መጥቶ መዳብ ላይ የሰፈረ ነው ብለሻል። እሱ ውስጡ ወርቅ የለውም። «ላይ የሚታየው ውስጡ ያለው ነው» የሚለው ለእሱ አይሠራም። ስለዚህ ትዕግስት ያየችው ቅብ ነው፤ ቱምባጋው ሌላ ነገር ነው።

ሶስና_ኬሚስትሪ፦
ጥያቄው ጠንካራ ነው ጋሼ፤ የሚሸፋፈን አይደለም። የሎማ ኔግራው ዘዴ በጊዜም በቦታም ጠባብ ነው። ከፔሩ ተነስቶ በኮሎምቢያና በፓናማ አልፎ እስከ ሜክሲኮ የደረሰው ቱምባጋው ነው። ሁለቱም ዘዴ በእጃቸው እያለ የበዛው ከውስጥ የሚያወጣው መሆኑ ለእኔ ትርጉም አለው። ሎማ ኔግራን «ቅብ» ቢሉት አልጣላዎትም። «ርካሽ» ካሉ ግን እጣላለሁ፤ ያን ፈሳሽ ማዘጋጀት ንጹሕ ወርቅ ከመቀጥቀጥ ይልቅ ይከብዳል።

ዝም_ያለ_አንባቢ፦
ሰምና ወርቅን ያላነሳ ሰው እስከ አሁን አለመምጣቱ ይገርማል።

ያሬድ_ዘታሪክ፦
@ዝም_ያለ_አንባቢ አንተ አነሳኸው። ለነገሩ በሰም ቀርጾ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ አውጥቶ በቦታው የቀለጠ ወርቅ ማፍሰስ የኮሎምቢያዎቹ ዋና ሙያ ነው። ፔሩ መዶሻ፣ ኮሎምቢያ ሰም ብንል ብዙም አንስትም። በ1969 ከቦጎታ ደቡብ፣ ፓስካ አካባቢ ዋሻ ውስጥ ገበሬዎች ያገኙት የሙይስካ ታንኳ እንዲህ የተሠራ ነው። ርዝመቱ ወደ 20 ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ መሃሉ ላይ ገዘፍ ያለ አለቃ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ሰዎች ቆመዋል። አሁን ቦጎታ የወርቅ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው።

የሙይስካ የስጦታ ምስሎች ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ከቅርጹ እንደወጡ ነው የተተዉት። ጠርዛቸው አልተሞረደም፣ ገጻቸው አልተወለወለም፣ ወርቁ የፈሰሰበት ቦይ ትራፊ እንኳ አንዳንዱ ላይ አለ። ችሎታ አጥተው አይደለም፤ ለሰው ዓይን ስላልተሠሩ ነው። ወዲያው ሐይቅ ውስጥ ወይም መሬት ውስጥ ይገባሉ።

ፈርጥ_ነጋዴ፦
ኤል ዶራዶ የሚባለው የወርቅ ከተማ ይኸው የሙይስካዎቹ ሐይቅ፣ ጓታቪታ ነው አይደል?

ያሬድ_ዘታሪክ፦
ከተማ አይደለም፣ ሰው ነው። ሁዋን ሮድሪጌስ ፍሬይሌ በ1636 ጽፎ እንደተወው፣ አዲስ የሚሾመው አለቃ ገላው ሙጫ በመሰለ ነገር ተቀብቶ የወርቅ ብናኝ ይነሰነስበታል፤ በታንኳ መሃል ሐይቅ ይወሰድና ወርቅና መረግድ ውሃው ውስጥ ይጨምራል። ስፔናውያን ወሬውን ሰምተው ሐይቁን ለማድረቅ ተነሱ። በ1545 በቅል እየተቀባበሉ ቀዱ፤ በ1580ዎቹ አንድ ነጋዴ የሐይቁን ጠርዝ በስቶ ውሃውን አወረደው፣ የተቦረቦረው ገደል ዛሬም ይታያል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ጨርሶ አደረቀው። ከታች ያለው ጭቃ መጀመሪያ ሰው የሚውጥ ነበር፣ ፀሐይ ሲመታው እንደ ሲሚንቶ ደረቀና ሊቆፈር አልቻለም። የተገኘው ጥቂት ነገር ወጪውን አልሸፈነም። መንግሥት በ1965 ፍለጋውን ከለከለ። እኔ ደስ ይለኛል።

ሶስና_ኬሚስትሪ፦
ያሬድ ሳይጠቅሰው ያለፈውን ልጨምር፤ ከሁሉም የሚደንቀኝ ይሄ ነው። በኢኳዶርና በኮሎምቢያ ድንበር፣ የፓስፊክ ዳርቻ ላይ ላ ቶሊታ የሚባል ባህል ነበር። ወንዞቻቸው ወርቅ ብቻ ሳይሆን ፕላቲኒየምም ያወርዱ ነበር። ፕላቲኒየም በ1768 ዲግሪ ነው የሚቀልጠው፤ በአፍ የሚነፋ እሳት እዚያ አይደርስም። እነሱም አላቀለጡትም። የፕላቲኒየሙን ፍርፋሪ ከወርቅ ብናኝ ጋር ቀላቅለው ያሞቁታል፤ ወርቁ ቀልጦ ፍርፋሪውን ያያይዘዋል፣ ከዚያ ይቀጠቅጡታል፣ ያግሉታል፣ እንደገና ይቀጠቅጡታል፤ በመጨረሻ አንድ ወጥ ነጭ ብረት ይሆናል። ከዚያ የአፍንጫ ቀለበትና ትንንሽ ጭምብሎች፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ቢጫ። አውሮፓውያን ፕላቲኒየምን በአግባቡ መሥራት የቻሉት ከአንድ ሺሕ ዓመት በላይ ቆይተው ነው።

አንጥረኛው_ፒያሳ፦
ፕላቲኒየም እኔም አልሠራሁም፤ ችቦዬ አይበቃም። ለእነዚህ ኮፍያዬን ሳይሆን ጥምጣሜን ነው የማወልቀው።

ትዕግስት_ኒውዮርክ፦
ጌጡን የሚያደርጉት ወንዶች ብቻ ናቸው እንዴ? ሁሉም ጌታ፣ ጦረኛ፣ አለቃ ሆነብኝ።

ያሬድ_ዘታሪክ፦
እስከ 2005 አካባቢ ብዙዎች እንደዚያ ያስቡ ነበር፣ ቢያንስ ለሞቼ። ከዚያ ኤል ብሩሆ በሚባለው ቦታ የካኦ እመቤት ተገኘች። በ20ዎቹ ዕድሜ የሞተች ወጣት ናት፣ ክንዷ ላይ የእባብና የሸረሪት ንቅሳት አለ። ከ40 በላይ የአፍንጫ ጌጥ፣ የወርቅና የብር፣ አብሯት ተቀብሯል። የሥልጣን ዱላና ዘውድም አብሯት ነው። እነዚህ ምልክቶች ቀድሞ የወንድ ገዥ ብቻ ተደርገው ይታዩ የነበሩ ናቸው።

በኢንካ ዘመን ደግሞ ዋናው ምልክት ጆሮ ነው። የመሳፍንት ልጆች ፈተናቸውን ሲጨርሱ ጆሯቸው ይበሳና ሰፊ የወርቅ ጉትቻ ይገባበታል። ቀዳዳው እያደር እየሰፋ ጆሯቸው ትከሻቸው ላይ ይደርሳል። ስፔናውያን ባለ ትልቅ ጆሮዎቹ ይሏቸው ነበር።

ሩት_ማድሪድ፦
ዘግይቼ ነው የገባሁት። ወርቅ በክብደት መተመኑ ምን እንዳስከተለ ማንም አላነሳውም። የኢንካው ንጉሥ አታዋልፓ በ1532 ካሃማርካ ላይ በስፔናውያን ሲያዝ ለነጻነቱ ክፍሉን በወርቅ ልሙላ አለ። ከየአገሩ ጌጥ፣ ዕቃ፣ ከቤተ መቅደስ ግድግዳ የተነቀለ ዝርግ ተጫነ። ሁሉም ወደ ምድጃ ገባ፤ አቅላጮቹም የአገሩ አንጥረኞች ነበሩ። ወደ 6 ቶን ወርቅና ወደ 12 ቶን ብር ጡብ ሆነ፣ አንድ አምስተኛው ለስፔን ንጉሥ ተለየ። አታዋልፓም አልተለቀቀም፤ በ1533 ተገደለ። ስለዚህ ዛሬ ሙዚየም የምናያቸው ጌጦች በሙሉ ማለት ይቻላል ከመቃብር የወጡ ናቸው። ሰው እጅ ላይ የነበረው ቀልጧል።

እዚህ ማድሪድ፣ ሙሴዮ ዴ አሜሪካ ውስጥ ከኮሎምቢያ የመጣ የኪምባያ ሀብት የሚባል አለ፦ 122 የወርቅ ዕቃዎች፣ ከነሱ መካከል ኮካ የሚባለውን ቅጠል ሲያኝኩ የሚጠቀሙበት የኖራ መያዣ ቅል፣ ፊታቸው እርጋታ የሞላበት የተቀመጡ ሰዎች። ቆመው ሲያዩት ገጹ እንደ ዘይት ያንጸባርቃል። እሱም ቱምባጋ ነው።

ዝም_ያለ_አንባቢ፦
እንደ መቅደላው ቅርሳችን ተዘርፎ ነው የሄደው?

ሩት_ማድሪድ፦
ነገሩ ይለያል። በ1890 መቃብር ቆፋሪዎች አገኙት፣ የኮሎምቢያ መንግሥት ገዛው፣ ፕሬዚዳንት ካርሎስ ኦልጊን ለስፔን ንግሥት በስጦታ ሰጡ። ዘራፊ የለም፤ የሰጠው የራሳቸው መንግሥት ነው። የኮሎምቢያ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ግን በ2017 ስጦታው ሕግ ያልተከተለ ስለነበር መንግሥት እንዲያስመልስ አዘዘ፤ በ2024 ኮሎምቢያ በይፋ ጠይቃለች።

አወያይ፦
የመቅደላውን ጉዳይ የሚመለከት ሌላ ክር አለ፤ እባካችሁ እዚያ ቀጥሉ። እዚህ ጌጡ ላይ እንቆይ።

ፈርጥ_ነጋዴ፦
አንድ የተግባር ጥያቄ አለኝ። በኢንተርኔት «ከኮሎምበስ በፊት የተሠራ» የተባለ የወርቅና የቱርኩዋዝ ዶቃ ሐብል የሚሸጥ ሰው አግኝቻለሁ። ዋጋው መጥፎ አይደለም። ልግዛ?

ያሬድ_ዘታሪክ፦
አይግዙ። እውነተኛ ከሆነ ወንጀል ነው፣ ፔሩም ኮሎምቢያም ቅርስ ከአገር እንዲወጣ አይፈቅዱም። አሜሪካ ከሲፓን አካባቢ የሚመጡ ዕቃዎችን ከ1990 ጀምራ ከልክላለች። በ1997 ከሲፓን የተሰረቀ ትልቅ የወርቅ የወገብ ጋሻ በ1.6 ሚሊዮን ዶላር ሲሻሻጥ ገዢ መስሎ የቀረበው የኤፍቢአይ ሰው ነበር። ዕቃው በዲፕሎማት መኪና ነበር የመጣው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ፔሩ ተመልሷል።

ትዕግስት_ኒውዮርክ፦
ይሄማ ኒው ጀርሲ አውራ ጎዳና ላይ የሆነው አይደል! አንብቤዋለሁ።

አንጥረኛው_ፒያሳ፦
ደግሞ እውነተኛ አይሆንም። የሐሰት ሠሪ የሚያዘው በዝርጉ ነው። የዛሬ ዝርግ ከማሽን ነው የሚወጣው፣ ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። በድንጋይ መዶሻ የተቀጠቀጠ አንድ ቦታ ይሳሳል፣ ሌላ ቦታ ይወፍራል፤ በማጉያ ብታየው የመዶሻው ጠባሳ አለ። የዶቃውን ቀዳዳም እይ፤ በሞተር የተበሳ ቀጥ ያለ ነው፣ በእጅ የተበሳ ከሁለት ወገን ገብቶ መሃል ላይ ይጠባል። ሻጩን የጠርዙንና የቀዳዳውን ፎቶ ቀረብ አድርጎ እንዲልክ ጠይቀው።

ፈርጥ_ነጋዴ፦
ጠየቅኩት ጋሼ። «ፎቶው ያው ነው» ብሎ ዋጋውን ቀነሰልኝ።

አንጥረኛው_ፒያሳ፦
እንግዲያው ቅብ ነው። የሞቼው ሳይሆን የሌላኛው ዓይነት።